ሁለት አንሶላ በመስኮቱ ላይ

ስለዚያ ቅዳሜ ሁለት ወሬ አለ።

አንደኛው የጀልባ ቀዛፊዎቹ አለቃ የሚያወራው ነው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ በሐይቁ መሃል ካለችው ደሴት፣ ከአሮጌው ቤት የላይኛው መስኮት ሁለት ነጭ አንሶላ ሲሰቀል፣ ስለዚያ ቤት በሳምንታዊ መጽሔት ታሪክ የሚጽፈው ደራሲ ወደቡ ላይ ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጦ ነበር። አንሶላዎቹን አይቷል። አይቶም ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ሳቀ፤ በረንዳው ላይ ለነበረው ሰው ሁሉ ሻይ አዘዘ። አለቃው ይህን ለደሴቱ ቤት ጠባቂ ልጅ ሲነግራት ጣቱን ወደ ዓይኑ ይቀስራል። "በእነዚህ አየሁት። ስንት ጥርሱ እንደታየ ንገረኝ ብትዪኝ እነግርሻለሁ።"

ሁለተኛው የደራሲው አክስት፣ የአሮጌው ቤት ባለቤት፣ የሚናገሩት ነው። የወንድማቸው ልጅ ያን ቀን ወደቡን አልረገጠም። ከተማ፣ መጽሔቱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ጽሑፉን ሲያርም ነው የዋለው። የሆነውን የሰማው ሰኞ ነው። ሲሰማም የያዘውን እህል አስቀምጦ ተነሳ።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። ባለቁልፏ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሐሳብ ስትጨምርበት ከረመች፤ ወሬው ግን አበጠ እንጂ አልጠራም።

ባለቁልፏ የሚሏት የደሴቱን ቤት ጠባቂ ልጅ ነው። የቤቱን አሥራ አንድ ቁልፍ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ወገቧ ላይ አስራ ስለምትዞር ስሟን የሚጠራ ሰው ከአባቷ በቀር የለም። ለደሴቱ የስልክ መስመር ተዘርግቶለት አያውቅም። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ከወደቡ ጋር የሚነጋገረው በአንሶላ ነው። አንድ አንሶላ ከላይኛው መስኮት ከወጣ "ጀልባ ላኩ" ማለት ነው፤ ለዕቃም ይሁን ለሰው። ሁለት ከወጣ "ሰው ሊሞትብን ነው" ማለት ነው። ሁለት በእሷ ዕድሜ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ያን ቅዳሜ አባቷ ማገዶው አጠገብ ወደቀ። ስትደርስ አፉ ወደ ጎን ዞሯል፤ ቀኝ እጁ የራሱ አልነበረም። የቤቱ ጀልባ ወለሏ ተነቅሎ ወደቡ ላይ እየተጠገነች ነው። ባለቁልፏ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጥታ ሁለት አንሶላ ሰቀለች። በሐይቁ ማዶ ሰዎች ከመቀመጫቸው ሲነሱ አየች። እጃቸውን ሲያውለበልቡም አየች። መጡልኝ ብላ ወደ አባቷ ወረደች። ማንም አልመጣም። እየጮኸች ውላ ድምፅዋ ሊዘጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መረቡን ሊሰበስብ በዚያ በኩል ያለፈ ዓሣ አጥማጅ ነው የሰማት።

ሐኪሙ "ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ተወው። አባቷ ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። ሰባት ሺህ ጊዜ ይቺን ሐይቅ ቀዝፎ የተሻገረበት ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ደራሲው ሦስት ደብዳቤ ጽፎላታል። ሦስቱም ሳይከፈቱ በማድ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር ናቸው። እልህ ይዟት ብቻ አይደለም። የእጁን ጽሕፈት ታውቀዋለች። ያ እጅ ያልሆነን ነገር ሆነ ብሎ ሲጽፍ፣ የሆነውን በዓይኗ ያየችው እሷ ራሷ ትጠራጠራለች። አንዳንድ ቀን መሳቢያውን ማንኪያ ልታወጣ ትከፍተውና፣ ማንኪያውን ረስታ ትዘጋዋለች። በዚያን ጊዜ የሚሰማት ንዴት ቢሆን ይቀላት ነበር።

*

በሐይቁ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ የደሴቱ ቤት መንፈስ አለበት ይላል። መንፈሷ የቤቱ የመጀመሪያ እመቤት ናት። ባሏ በጀልባ ሄዶ ቀረባት፤ እሷም ነጭ ለብሳ በላይኛው መስኮት ስትጠብቀው ከርማ በመጨረሻ ራሷን ወደ ሐይቁ ወረወረች። ይህን ሁሉ ሰው የሚያውቀው ከሳምንታዊው መጽሔት ነው። ከመጽሔቱ በፊት የሚታወቀው ሌላ ነበር። እመቤቲቱ ሰማንያ አንድ ዓመት ኖራ፣ ባሏን ቀብራ፣ ሁለት ጠበቃ አባርራ፣ በጥርስ ሕመም እየተነጫነጨች አልጋዋ ላይ ሞተች። ይህን የባለቁልፏ ቅድመ አያት፣ የእመቤቲቱ ገረድ የነበረችው፣ ለልጆቿ ነግራ ነው የሞተችው።

ደራሲው ከሁለት ዓመት በፊት ሲመጣ አክስቱ የምድር ቤቱን ክፍል ለአርባ ቀን ሰጥተውት ነበር። የሚያስፈራ ታሪክ ሊጽፍ መጥቶ የሚያስፈራ ነገር አጣ። አንድ ቀን ለባለቁልፏ፣ እንዲህ ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ በሩ እንኳ ሲከፈት አይጮህም ብሎ ስሞታ አቀረበ።

"አባዬ ዘይት ይቀባዋል" አለችው። "ካልፈራህ መጻፍ የማትችል ከሆነ ዘይቱን እደብቅልሃለሁ።"

የመጀመሪያ ሳቃቸው ያ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ የጠየቃትን ሁሉ ነገረችው፤ ስለ አንሶላውም፣ አንድ ምን እንደሆነ፣ ሁለት ምን እንደሆነ። ስለ አንሶላው ስትነግረው እስክሪብቶው ቆመ። ከሩቅ ሲታይ ሰው አይመስልም ወይ ብሎ ጠየቃት።

እሷም፣ ለቀልድ ያህል፣ መስኮቱን እየወለወለች፣ "ሰው አድርጋት እንግዲህ። በጥርስ ሕመም የሞተች ሴትዮ ማን ያነብልሃል? ሐይቅ ውስጥ ጣላትና ተገላገል" አለችው።

እሱም ጣላት። መጽሔቱ በየሐሙሱ ታሪኩን ማውጣት ሲጀምር የወደቡ ሻይ ቤት ወንበር ጨመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከበረንዳው ሆኖ መስኮቱን ያያል፤ እሁድ ይሻገርና ቤቱን ይጎበኛል። የሚያስጎበኘው ባለቁልፏ ናት። ለእሷ ግን ታሪኩ ሌላም ነገር ነበረው። በታሪኩ ውስጥ አንዲት ገረድ አለች፤ የግራ እጅጌዋ ጫፍ በካውያ የተቃጠለ፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ መንፈሷን የማትፈራ እሷ ብቻ። ባለቁልፏ ያን ስታነብ የራሷን እጅጌ አየችው። ከዚያ ወዲህ መጽሔቱን እንደ ደብዳቤ ነው የምታነበው። ፖስታ ደሴቱ የሚደርሰው በእሁድ ጀልባ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ሐሙስ ያነበበውን እሷ በሦስተኛው ቀን ታገኘዋለች። የወደብ ሰው ፍቅሬን ቀድሞኝ ያነበዋል እያለች ለብቻዋ ትስቃለች።

በአፍ የተባለ ነገር አልነበረም። እሱ የቤቱ ባለቤት የወንድም ልጅ ነው፤ እሷ የጠባቂው ልጅ። ባለፈው ዓመት የመስኮት መስተዋት ስትቀይር መሰላሉን ይዞላት ነበር። ሥራዋን ስትጨርስ እጁን ከመሰላሉ አላነሳም፤ እሷም ቶሎ አልወረደችም። ያ ነው እንግዲህ በመሃላቸው የተፈጸመው ሁሉ።

ከዚያ አክስቱ አንድ ሐሳብ አመጡ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ፣ ጀልባ ተፈለገም አልተፈለገም፣ ለተመልካች አንድ አንሶላ ከመስኮቱ ይውጣ አሉ። አባቷ ከዚያ በፊት እምቢ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን እምቢ አለ። ምልክት መጫወቻ ከሆነ ምልክትነቱ አበቃ ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ባለቁልፏ ራሷ አስታረቀቻቸው፤ ቅዳሜ የሚወጣው አንድ ብቻ ይሁን፣ ሁለት ግን ለጨዋታ ፈጽሞ አይነካም ተባለ። ያን ዕለት በብልሃቷ ኮርታ ነበር። አሁን ያንን ኩራት ስታስታውሰው ፊቷን የምታስገባበት ታጣለች።

*

አክስቲቱ ሐሙስ ዕለት በጀልባ መጡ። ክፉ ሴት አይደሉም። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ በባልዲ ቁጥር የሚያውቁ፣ ከዚያ ታሪክ በፊት ቤቱን ሊሸጡ ደላላ አስጠርተው የነበሩ ሴት ናቸው። በአባቷ ጉልበት ላይ ያለውን እጅ ሲያዩ ዓይናቸውን ቶሎ አነሱ። ከዚያ ባለቁልፏን ወደ አዳራሹ ወስደው በሩን ዘጉ።

ያቀረቡት ሐሳብ ግልጽ ነበር። ጠባቂው መቅዘፍ ባይችልም ከተወለደበት ቤት አይወጣም፤ እስኪሞት ድረስ በዚያው በመስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ሌላ ቀዛፊ ይቀጠራል። ቁልፉም ጉብኝቱም የእሷ ይሆናል። በምትኩ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። የዚያ ቅዳሜ ነገር በእንግዳ ፊት አይነሳም። ለወንድማቸው ልጅም ደብዳቤ መልስ አይሰጥም። አልስማማም ካለች ግን ለሁለቱም ሌላ ቤት መፈለግ ይኖርባታል። እስከ እሁድ እንድታስብበት ነገሯት።

ባለቁልፏ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቀን በእርግጥ ከተማ ነበር ወይ አለች። ነበር አሉ፤ ጓንታቸውን እያወለቁ፣ ወደ ጓንቱ እያዩ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ የጠባቂ ልጅ አገባ ቢባል እኔ የማፍር መስሎሽ ይሆናል። ትንሽ አፍራለሁ፤ አልዋሽሽም። የምፈራው ግን እሱን አይደለም፣ አንቺን ነው። ይሄን ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፈው አባትሽን አይቶ አዝኖ ነው። ከጸጸት ያገባሽ ሰው ሦስት ዓመት ይወድሻል። ከዚያ በኋላ ባየሽ ቁጥር የሚያየው ያን እጅ ነው።"

አክስቲቱ ከሄዱ በኋላ ባለቁልፏ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ቀረች። የቀዛፊዎቹ አለቃ ያወራው ያስቆጣት ነበር፤ ይሄ ግን አላስቆጣትም። እውነት ሊሆን ይችላል ብላ አሰበች።

*

እሁድ ጠዋት እንግዶቹ ከመድረሳቸው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ አንዲት ትንሽ ጀልባ እየተንገዳገደች መጣች። ደራሲው ብቻውን ነው። ቀዛፊዎቹ አናሻግርህም ስላሉት ጀልባ ተከራይቶ ራሱ ቀዝፏል፤ አቀዛዘፉ ግን ሐይቁን የሚያበጥር ነበር የሚመስለው። ማድ ቤት ሲገባ መዳፎቹ ተልጠዋል። ባለቁልፏ አይታ እንዳላየች ሆነች። አባቷ በሚቀጥለው ክፍል መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

"ደብዳቤዎቼን አላነበብሽም" አላት።

"አላነበብኩም። ይቀመጡ።"

ከሁለት ዓመት በኋላ እርስዎ ስትለው ወንበሩን ይዞ ቆመ። ከዚያ ተቀመጠ።

"የእርስዎን ጽሕፈት አምኜ አላውቅም" አለችው። "ሰማንያ አንድ ዓመት የኖረችን ሴትዮ በሃያ ስድስት ዓመቷ ያሰመጠ እጅ ነው። በአፍዎ ይንገሩኝ። የቀዛፊዎቹ አለቃ ወደብ ላይ ነበር፣ አየ፣ ሳቀ ይላል። እትዬ ደግሞ ከተማ ነበር ብለውኛል።"

የአክስቱን ቃል በሁለተኛነት ያስቀመጠችው አውቃ ነው። ለመያዝ እንዲቀርበው ነው። ከተማ ነበርኩ ቢላት አምናው ነገሩን ልትቀብረው እንደምትችል፣ ምናልባትም እንደምትፈልግ፣ ያን ጊዜ ገባት። ዓይኑን አየችው። እሱም አያት፤ በሩ እንደተከፈተለት ያወቀ ሰው አስተያየት ነበር።

"አክስቴ የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው" አለ። "ወደቡ ላይ ነበርኩ። አየሁት። ሁለት መሆኑን ቆጥሬያለሁ። ሳቅኩ።"

እስከዚያ ቆማ የነበረችው ባለቁልፏ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከአለቃው ስትሰማው ወሬ ነበር። ከእሱ አፍ ሲወጣ እንደ ድንጋይ ወረደባት።

"ሻይም አዘዝክ?"

"አዘዝኩ። ለሁሉም።"

"ለምን?" አለች። እርስዎ ማለቱን መተዋን ሁለቱም አላስተዋሉም።

ያን ሐሙስ የወጣውን ክፍል አንብባ እንደሆነ ጠየቃት። አላነበበችም። መጽሔቱ እሁድ ሲደርስ እሷ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ነበረች፤ እስካሁን ከነመጠቅለያው መደርደሪያው ላይ ነው። ልታወጣው ስትነሳ ተዪው አላት፤ በአፍህ ንገረኝ ብለሽኛል አለ።

በዚያ ክፍል፣ አለ፣ እመቤቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አልነበረችም። የጠፋው ባሏ ተመልሶ፣ ነጭ ለብሶ፣ መስኮቱ ላይ አጠገቧ ቆመ። ከወደቡ የሚያይ ሁሉ ሁለት ነጭ አየ።

"እኔን ነው እዚያ፣ ካንቺ ጎን ያቆምኩት" አላት። "አግቢኝ ብዬ ፊትሽ ቆሜ መናገር ያቃተኝን በመጽሔት ጠየቅኩሽ። ሐሙስ ወጣ። ቅዳሜ ሁለት አንሶላ አየሁ። እሺ ያልሽኝ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አባትሽ መሬት ላይ ተኝቶ እያለ።"

ከማዶ እጃቸውን ያውለበለቡት ሰዎች ታወሷት። እነሱም አንብበዋል። እነሱም የሐሙሱ ታሪክ ቅዳሜ የታየላቸው መስሏቸው አጨብጭበዋል። በዓለም ላይ ያን ክፍል ሳያነብ አንሶላ የሰቀለ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

"ሁለት ምን ማለት እንደሆነ ነግሬህ ነበር።"

"ነግረሽኛል። ማስታወሻዬም ላይ ተጽፏል። መጽሔቱ እሁድ እንደሚደርስሽም አውቅ ነበር። ግን ያን መስኮት ሳየው ከራሴ ታሪክ ሌላ ምንም ማየት ትቼ ነበር። ለዚህ የሚሆን ይቅርታ አልጻፍኩም። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ያለው የሆነው ብቻ ነው።"

ባለቁልፏ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ሦስት ሳምንት ስትሸሸው የነበረ ነገር ወደ አፏ መጣ፤ ምላሷን ልትነክስ ፈለገች፣ አልቻለችም።

"አንሶላውን ማን ሰጠህ?" አለች። "ሰው አድርጋት ያልኩህ እኔ ነኝ። ሐይቅ ውስጥ ጣላት ያልኩህም። ቅዳሜ አንድ ይውጣ ብዬ አባዬን ያሳመንኩትም እኔ ነኝ። ሰውን ሁሉ አንሶላ አይቶ እንዲስቅ ያስለመድነው አብረን ነው።"

እሱ እጁን ዘረጋ፤ የተላጠው መዳፉ መሃል ላይ ቀረ። አልነካችውም። ግን የራሷን እጅ አልሰበሰበችም።

"ሁለታችሁም ወደዚህ ኑ" የሚል ድምፅ ከሚቀጥለው ክፍል መጣ።

አባቷ ከታመመ ወዲህ ቃላቱ አንድ አንድ እየተባሉ፣ ዘግይተው ነው የሚወጡት። ደራሲው ፊቱ ቆመ። ሽማግሌው ከእግሩ እስከ ራሱ አየው።

"ቆጠርክ?"

"ቆጠርኩ አባባ።"

"ስንት?"

"ሁለት።"

"ጎበዝ። ወደቡ ላይ መቁጠር የሚችል ሰው መኖሩን ስሰማ ደስ አለኝ።"

ባለቁልፏ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ያለባት አላወቀችም። አባቷ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። ይህ ልጅ ምልክቱን ካወቀ ሁለት ዓመቱ ነው አለ፤ የቀዛፊዎቹ አለቃ ግን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። እሱም ያን ቀን በረንዳው ላይ ነበር። እሱም አልመጣም። የዚህን ሰው ጥርስ እየቆጠረ ሻዩን ጠጥቷል። አሁን በየደጁ እየዞረ የሚያወራው ያንን ሻይ ለማወራረድ ነው።

ደራሲው ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት አባቷ ግራ እጁን አነሳ።

"ገና ነው" አለው። "ማታ ማታ ይሄ እጄ መቅዘፊያ የያዘ ይመስለዋል። ያ እስኪተወኝ ድረስ ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ እምቢ ብዬህ አንተንም እኔንም እጎዳለሁ።" ከዚያ ወደ ሴት ልጁ ዞረ። የአክስቲቱን ሐሳብ ከሐሙስ ጀምሮ ያውቃል፤ አዳራሹን ለይቶ የሚዘጋው በር እሱ ራሱ ዘይት የቀባው ነው፤ እንደተዘጋ የመሰላቸው በር ገርበብ ብሎ ነበር። "እኔን ምክንያት አታድርጊኝ። ከዚህ ቤት መውጣት ይከብደኛል፤ አልከበደኝም አልልሽም። ግን ከበደኝ ብዬ አንቺን እንደ ቁልፍ ግድግዳ ላይ አልሰቅልሽም።"

ባለቁልፏ የአባቷን የማይሰማ እጅ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው። ከባድ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሳትሸማቀቅ ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነው።

*

በአራት ሰዓት፣ አሥራ ስምንት እንግዶች ላይኛው ክፍል ውስጥ ቆሙ። አክስቲቱ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። እንግዶቹን ያሻገራቸው የቀዛፊዎቹ አለቃ በሩን ተደግፏል። ደራሲው ደረጃው ላይ፣ ከሁሉም ኋላ ነው፤ ከእንግዶቹ ማንም አላወቀውም።

ባለቁልፏ ዘወትር እንደምታደርገው የክፍሉን ስፋት፣ የጣሪያውን እንጨት፣ የመስተዋቱን ዕድሜ ነገረቻቸው። ከዚያ ስለ እመቤቲቱ ጥርስ ነገረቻቸው። አንድ ሰው ሳቀ። ስለ አንሶላው ነገረቻቸው፤ አንዱ ምን እንደሆነ፣ ሁለቱ ምን እንደሆነ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ የዚያን ቅዳሜ ነገር ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ነገረቻቸው። ማን ምን እንዳየና ማን ሻይ እንደጠጣ ስትደርስ የማንንም ስም አልጠራችም። አለቃው ግን ከበሩ ላይ ጀርባውን አነሳ፤ የሚያይበት ቦታ ሲያጣ ጫማውን አየ።

ባርኔጣ የያዘች አንዲት ሴት ሰውነቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ "ይሄ የሚቀጥለው ክፍል ነው?" ብላ ጠየቀች።

"አይደለም እመቤቴ" አለች ባለቁልፏ። "አባቴ ታች ተቀምጧል። ስትወርዱ በግራ በኩል ነው፤ ሰላም በሉት።"

አክስቲቱ ከወንበራቸው ተነሱ። አልተቆጡም፤ የደከማቸው ይመስላሉ። ጉብኝቱ አበቃ፣ የቀረውን ታች ብቻችንን እንነጋገራለን አሉ። ባለቁልፏ እዚሁ ይሻላል አለቻቸው፤ ታች ስወርድ ልቤ ይለዝባል፣ ራሴን አውቀዋለሁ አለች። እንግዶቹ መንገድ ለመልቀቅ ወደ ግድግዳው ሲጠጉ ደረጃው ላይ ያለው ሰው ታየ። ባለቁልፏ አየችው። ፊቱ ላይ ልመና ፈልጋ አጣች፤ ፍርዱን ቆሞ ሊሰማ የመጣ ሰው ፊት ነበር።

"እትዬ" አለች፣ "ከጸጸት እንዳያገባሽ ብለው ፈርተውልኝ ነበር፤ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። እሱ ግን የጠየቀኝ ከጸጸቱ በፊት ነው፤ ያን ቀንም የሳቀው ለዚያ ነው። ከተማ ነበርኩ ብሎ ማምለጥ ሲችል መሳቁን ራሱ ነገረኝ። ያሉኝን ሁለቱንም ነገር ስላልተቀበልኩ ቤቱን ለቅቄያለሁ። አባቴና እኔ ዛሬ ተሻግረን ማዶ ያለችው የእናቴ እህት ዘንድ እንገባለን፤ ማንም ሳይቀዝፍልን፣ እሱ ተከራይቶ ባመጣት ጀልባ እኔው እቀዝፋለሁ። የወንድምዎን ልጅም አገባዋለሁ። የማገባው ግን አባቴ በራሱ አፍ ይቅር ያለው ቀን ነው። ዓመት ቢፈጅም እጠብቃለሁ፤ እሱም መጠበቅ ካቃተው ዛሬውኑ እዚሁ ይንገረኝ።"